ጋደም ብሎ ረጅም መንገድ፦ ስለ ሪከምበንት ብስክሌት ጥያቄና መልስ

ባለፈው የ200 ኪሎ ሜትር የቡድን ጉዞ ላይ ጀርባዬን ደገፍ አድርጌ፣ እግሬን ወደ ፊት ዘርግቼ ስነዳ አይታችሁ ብዙዎቻችሁ እየሄዳችሁ ልትጠይቁኝ ሞከራችሁ። ትንፋሽ እየቆራረጠ ማስረዳት አልተመቸኝምና «ቁጭ ስንል» ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። በእንዲህ ያለ፣ ሪከምበንት በሚባል ጋደም ብለው በሚነዱት ብስክሌት ረጅም መንገድ መሄድ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ፤ ባለሁለት ጎማውንም ባለሦስቱንም ነድቻለሁ። ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እውነት ከተራው ብስክሌት ይፈጥናል ወይስ ምቾቱ ብቻ ነው?

መልስ፦ ሜዳና ቁልቁለት ላይ ይፈጥናል፤ ምክንያቱም አየር ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ሜዳ ላይ ከጉልበቱ አብዛኛውን የሚጨርሰው አየር በመግፋት ነው። ፍጥነቱን እጥፍ ላድርግ ቢል አየሩን ለመግፋት ብቻ ስምንት እጥፍ ኃይል ይፈልጋል። ጋደም ያለ ሰው ደረቱን ለነፋስ ስለማይሰጥ ከዚህ ዕዳ ብዙ ይቀነስለታል።

ይህ ዛሬ የተገኘ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1933 ፍራንሲስ ፎር የተባለ ፈረንሳዊ፣ ሻርል ሞሼ በሠራው ቬሎካር በሚባል ጋደም ብለው በሚነዱት ብስክሌት በአንድ ሰዓት 45.055 ኪሎ ሜትር ሄዶ ከ1914 ጀምሮ ቆሞ የነበረውን የኦስካር ኤግ ክብረ ወሰን አሻሻለ። ፎር በዘመኑ ከአንደኛ ደረጃ ተወዳዳሪዎች የሚቆጠር ሰው አልነበረም፤ ነገሩን ከባድ ያደረገውም ይኸው ነው። በዓመቱ፣ በ1934፣ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ሕጉን አሻሽሎ እንዲህ ያለውን ብስክሌት ከውድድር አስወጣው። እኔ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያኔ በሩ ባይዘጋ ኖሮ ዛሬ ይህን ብስክሌት አይቶ የሚደነቅ ሰው አይኖርም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን ሪከምበንት ሁሉ አንድ አይደለም። መቀመጫው ከፍ ያለና ቀጥ ያለ፣ ክብደቱም የበዛ ከሆነ ምቾቱን እንጂ ፍጥነቱን አትጠብቁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከታገደ በረጅም ርቀት ጉዞዎች ላይ እንዴት ይገባል?

መልስ፦ እገዳው ለውድድር ነው። የረጅም ርቀት ጉዞ ደግሞ ውድድር ሳይሆን በተወሰነ ሰዓት ውስጥ የመጨረስ ጉዳይ ነው፤ 200 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ተኩል፣ 400 በ27 ሰዓት፣ 600 በ40 ሰዓት። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ የሚደረገው የፓሪስ–ብረስት–ፓሪስ ጉዞ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ረጅሙ ገደብ 90 ሰዓት ነው፤ እዚያ ለሪከምበንት፣ ለባለሁለት ሰው ብስክሌትና ለመሳሰሉት የራሳቸው የመነሻ ሰዓት አላቸው። ሌላ ቦታ ግን ሳትመዘገቡ አዘጋጁን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ሲቀሩ አይቻለሁ። የጉልበት ነው የብስክሌቱ?

መልስ፦ ሁለቱም። በተራው ብስክሌት ዳገት ሲከብድህ ብድግ ብለህ የሰውነትህን ክብደት ፔዳሉ ላይ ትጥላለህ። እዚህ ብድግ ማለት የለም። ያለህ እግርህና ማርሽህ ብቻ ነው፤ ብስክሌቱም ብዙውን ጊዜ በጥቂት ኪሎ ይከብዳል።

ስለዚህ መፍትሔው ቀላል ማርሽ ነው። ከፊት 30 ጥርስ፣ ከኋላ 34 ጥርስ ብታደርግ በ26 ኢንች ጎማ እግርህን በደቂቃ 60 ጊዜ እያዞርክ በሰዓት ከ6 ኪሎ ሜትር ትንሽ በለጥ ባለ ፍጥነት ትወጣለህ። ይህ ለባለሁለት ጎማው ሚዛን የሚከብድበት ፍጥነት ስለሆነ ቀስ ብሎ ቀጥ ማለትን ለብቻህ ተለማመደው። በከባድ ማርሽ እየገፋ የሚወጣ ሰው ግን የጉልበት መገጣጠሚያውን ይጎዳል። መቀመጫው ጀርባህን ስለሚደግፍልህ ከአቅምህ በላይ መግፋት ትችላለህ፤ ጉዳቱ ማታ ነው የሚታወቅህ።

ጥያቄ፦ በቡድን መሀል መንዳት አያስፈራም? እኔ አጠገብዎ ስሆን የት መሆን እንዳለብኝ አላውቅም።

መልስ፦ ከሁሉም ጥያቄዎች ይህ ይበልጥብኛል፤ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ችግሩ ፍጥነታችን በየቦታው መለያየቱ ነው። ዳገት ላይ እቀራለሁ፣ ቁልቁለት ላይ እደርሳለሁ፣ አልፌም እሄዳለሁ። ቀጣዩ ዳገት ላይ እናንተ መልሳችሁ ታልፉኛላችሁ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ስንተላለፍ እንውላለን፤ አደጋውም ያለው መተላለፊያው ላይ ነው።

በሁለተኛው ዓመቴ አንድ ረጅም ቁልቁለት ስወርድ ከፊቴ ስምንት የሚሆኑ ሰዎች ጎን ለጎን ሆነው እያወሩ ይወርዱ ነበር። እኔ በሰዓት ከ60 በላይ፣ እነሱ ምናልባት 40። «በግራ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ግን የመጣው ከወገባቸው በታች ነው። አንደኛው ዞር ብሎ በዓይኑ ቁመት ላይ ሰው ፈለገ፤ እኔን አላየኝም፤ በዞረበት ብስክሌቱ ወደ እኔ አዘነበለ። የአንድ ክንድ ርቀት ሲቀረን አለፍኩት። ማንም አልወደቀም። እጄ ግን እስከሚቀጥለው ማረፊያ ድረስ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነበር፤ ፍሬን ይዤ ሰው ሲያየኝ ማለፍ ነበረብኝ።

ከዚያ ወዲህ ዳገቱ ጫፍ ላይ ስደርስ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ከፊት ያሉትን «አሁን ልወርድ ነው» እላለሁ። ካልሰሙኝ አላልፍም። ሜዳ ላይ ደግሞ ከሰው ኋላ ጎማ በሚገባ እርቃለሁ፤ ምክንያቱም በኔ ብስክሌት ፔዳሉና የፊት ጥርሱ ከፊት ጎማዬም ቀድመው ይወጣሉ። ተራ ብስክሌት የለመደ ሰው «ጎማዬ ገና ነው» ሲል ፔዳሉ ቀድሞ ይነካል። ዝቅ ብዬ ስለምቀመጥ ከፊት ያለው ሰው በእጁ ያሳየው ጉድጓድ አይታየኝም፤ በአፍ «ጉድጓድ!» ብትሉልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

አንቺ አጠገቤ ስትሆኚ ከጎኔ ትንሽ ቀደም ብለሽ ሂጂ። እኔ አንቺን አያለሁ፣ አንቺም ድምፄን ትሰሚያለሽ። ከኋላ ጎማዬ ጎን ግን አትቆዪ፤ በስፖኪዮ የማላይሽ እዚያ ጋ ነው።

ደግሞ የጉዞውን ዓይነት ለዩ። ሁሉም ሰው በመሪ ሥር በአንድ ፍጥነት፣ ለምሳሌ በፈረንሳዩ የአውዳክስ ሥርዓት በሰዓት በ22.5 ኪሎ ሜትር፣ የሚሄድበት ጉዞ አለ። ሁሉም በራሱ ፍጥነት የሚሄድበትም አለ። ለሪከምበንት ጀማሪ ሁለተኛውን እመርጥለታለሁ። በመሪ የሚሄደው ላይ ዳገቱ ሲያስቀርህ ቁልቁለቱ ላይ የምታካክስበት ነፃነት የለህም።

ጥያቄ፦ ከኋላዎ ስንከተል ከነፋስ ያስጥሉናል?

መልስ፦ ብዙም አላስጥላችሁም፤ ዝቅ ያልኩ ስለሆንኩ ነፋሱ በላዬ አልፎ ደረታችሁን ያገኘዋል። ተራዬን ከፊት ስሆን ሜዳ ላይ ፍጥነቱን ቀነስ የማደርገው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 61 ነው። የእጅ አንጓዬና ማጅራቴ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ አላስኬድ ብሎኛል። ባለሦስት ጎማውን ልሞክረው?

መልስ፦ ይሞክሩት እንጂ! እርስዎን የሚያስቸግርዎት እጅዎ ላይ የሚያርፈው ክብደትና አንገትዎን ቀና አድርጎ መያዙ ነው፤ እዚህ ሁለቱም የሉም። ባለሦስት ጎማው ዳገት ላይ ቢያዘግሙም አይወድቅም፣ መሀል ላይ ቢቆሙም እግርዎን ማውረድ አያስፈልግዎትም። በአንጻሩ ይከብዳል፣ ወደ ጎን ሰፊ ስለሆነም በቡድን ውስጥ የሁለት ሰው ቦታ ይይዛል። በጣም ዝቅ ያለው ላይ ደግሞ ለመነሣት ጉልበት ይጠይቃል፤ ሳይገዙ ቁጭ ብድግ እያሉ ይፈትሹት።

አንድ ነገር አደራ፦ ጫማን ከፔዳሉ ጋር የሚያያይዝ ማሰሪያ ሳይኖር በፍጥነት አይንዱ። እግር ከፔዳል ተንሸራቶ መሬት ከነካ ብስክሌቱ በላዩ ይሄዳል፣ ቁርጭምጭሚትም ይሰበራል። ተራው ብስክሌት ላይ ማሰሪያ ምርጫ ነው፤ እዚህ ግን ግዴታ ብዬ ነው የምቆጥረው።

ጥያቄ፦ እኔ ሪከምበንት አለኝ፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ የእግሬ ጣቶች ይደነዝዛሉ።

መልስ፦ እግር ከፍ ብሎ ስለሚውል ደም እንደልብ አይደርስም። ጫማህን ላላ አድርግ፤ የጫማውን መያዣ ወደ ተረከዝ ሳበው፤ ማርሹን ቀለል አድርገህ ቶሎ ቶሎ አዙር። መቀመጫህንም እየው፤ ፔዳሉ በጣም ሲርቅ ጉልበትህ ትንሽ ታጥፎ መቅረት አለበት። እኔ በየሰዓቱ ወርጄ ሁለት ደቂቃ እራመዳለሁ። ይህ ከሁሉም በላይ ረድቶኛል።

ጥያቄ፦ ምን ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ ሌላው ሁሉ የሚይዘውን፤ ግን ከመነዳሪ ከሁለቱም ልክ ያዝ። የብዙ ሪከምበንት የፊት ጎማ 20 ኢንች፣ የኋላው 26 ወይም ከዚያ የሚበልጥ ነው። ከመቶ ሰው መሀል 20 ኢንች የያዘ አታገኝም፤ የሚረዳህ ሰው ሞልቶ የሚሰጥህ ይጠፋል። ካቴናው ደግሞ ከተራው ሁለት እጥፍ ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ ስለሚረዝም፣ ከተበጠሰ የሚያያይዝ ትርፍ መጋጠሚያ አትርሳ።

ጥያቄ፦ ዝናብና ፀሐይስ?

መልስ፦ ፀሐይ ፊት ለፊት ስለሆነች ኮፍያ ያለው ሄልሜትና መነጽር። ለዝናብ የፊት ፓራፋንጎ፤ አለበለዚያ የጎማው ጭቃ አፍህ ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ መኪና አያየንም የሚሉ ሰዎች አሉ።

መልስ፦ እኔ እንደማየው አሽከርካሪዎች እንግዳ ነገር ሲያዩ ይጠነቀቃሉ፤ ሰፋ አድርገው ያልፉኛል። የምፈራው ከቆመ መኪና ወይም ከአጥር ጀርባ የሚወጣውን ነው፤ እዚያ ዝቅታዬ ይደብቀኛል። ስለዚህ ረጅም ዘንግ ላይ ደማቅ ባንዲራ፣ ቀንም ሌሊትም መብራት። የኋላ መብራትህ ግን ተከታይህ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ወደ መሬት አዘንብለው።

ጥያቄ፦ ሌሊት ሲነዱ እንቅልፍ አይጥልዎትም? ተጋድመው እኮ ነው!

መልስ፦ ይጥላል፣ ከተራው ብስክሌት ላይም የባሰ ነው። ጭንቅላት ማሳረፊያው ቀን ላይ በረከት ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን ፈትቼ ቦርሳ ውስጥ እከተዋለሁ። አንገቴ ራሱን ሲሸከም እነቃለሁ። ዓይኔ አንዴ ከተከደነ ደግሞ ሳልከራከር መንገድ ዳር ወጥቼ ሃያ ደቂቃ እተኛለሁ። 400ና 600 ኪሎ ሜትር ላይ ሃያ ደቂቃ ሰዓትህን አያበላሽም።

ጥያቄ፦ ከገዛሁ ሁለት ሳምንቴ ነው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ የ200 ኪሎ ሜትር ጉዞ አለ። ልግባበት?

መልስ፦ በተራው ብስክሌትህ ግባበት። ጋደም ብሎ መንዳት የሚያሠራቸው ጡንቻዎች ሌላ ናቸው፤ ጠንካራ ብስክሌተኛም ቢሆን እግሩ እስኪለምድ ወራት ይፈጃል። በዚህ መሀል ባዶ ሜዳ ላይ መነሣትና መቆም፣ ዳገት ላይ መነሣት፣ በስፖኪዮ ብቻ ወደ ኋላ እያዩ ቀጥ ብሎ መሄድ ተለማመድ። ሦስቱንም ሳታስብ ስታደርጋቸው ለቀጣዩ ጉዞ ተመዝገብ። የመነሻው ቀን መጨረሻ ረድፍ ላይ ቁም፤ የመጀመሪያዎቹ አሥር ሜትሮች ላይ ብስክሌትህ መወላገዱ አይቀርም፣ ሰው በሌለበት ይወላገድ።