ታሪኮቹ ከተመሳሰሉ እምነታችን ተረት ሆነ ማለት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ያደግሁ ነኝ። በቅርቡ አንድ ጓደኛዬ፣ የኖኅ ታሪክ ከባቢሎን፣ የጌታችን ልደትና ትንሣኤ ደግሞ ከግብፁ አምላክ ከሆረስና በሮማውያን ዘንድ ይመለክ ከነበረው ከሚትራስ የተቀዳ ነው፤ ታላላቆቹ ሃይማኖቶች ሁሉ ከቀደሙት አፈ ታሪኮች የተዋሱ ናቸው አለኝ። ፈልጌ ሳነብ የጥፋት ውኃ ታሪክ በእርግጥ በጥንታዊ የሸክላ ጽላት ላይ ተጽፎ መገኘቱን አወቅሁ። ከዚያ ወዲህ ስጸልይ ሐሳቤ ይበተናል፤ ከቅዱስ ቁርባንም ራሴን አርቄአለሁ። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ ጓደኛህ ከነገረህ ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ደግሞ ማንም ሳያጣራ ሲቀባበለው የኖረ ወሬ ነው። አንተን ያስጨነቀህ ሁለቱ ተደባልቀው መምጣታቸው ነው።

ወሬውን በአጭሩ ልለፈው። ሆረስ ከድንግል ተወለደ፣ ዐሥራ ሁለት ደቀ መዛሙርት ነበሩት፣ ተሰቅሎ በሦስተኛው ቀን ተነሣ የሚለው ነገር በጥንታውያን ግብፃውያን ጽሑፎች ውስጥ የለም። እነርሱ የሚተርኩት ሌላ ነው፦ ኦሲሪስ የተባለውን አምላክ የገዛ ወንድሙ ገደለው፤ ሚስቱ ኢሲስ ሬሳውን ፈልጋ አገኘች፤ ከሞተው ባሏም ሆረስን ፀነሰች። ኦሲሪስም ወደ ሕያዋን አልተመለሰም፣ የሙታን ዓለም ንጉሥ ሆኖ ቀረ። ይህን ከእመቤታችን ድንግልናና ከባዶው መቃብር ጋር አንድ ለማድረግ ታሪኩን አለማንበብ ይጠይቃል። ሚትራስም ከዐለት ወጥቶ ሲወለድ ነው የሚቀረጸው። በሮማውያን ዘንድ የነበረው የአምልኮው አሻራ በግልጽ መታየት የሚጀምረው ደግሞ በአንደኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው፤ ያን ጊዜ የቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት በምእመናን መካከል ይነበቡ ነበር። የበዓላትን ቀን ከአረማውያን በዓል ጋር የሚያያይዙም አሉ። የበዓሉ ቀን ሌላ፣ በዚያ ቀን የምናስበው ነገር ሌላ ስለ ሆነ በዚህ ላይ አልቆይም።

ወደ እውነተኛው ግማሽ እንምጣ። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1872 ጆርጅ ስሚዝ የተባለ የብሪታንያ ሙዚየም ባለሙያ ከነነዌ ፍርስራሽ የመጡ የሸክላ ስብርባሪዎችን ሲያነብ የጥፋት ውኃ ታሪክ አገኘ። ዛሬ ጊልጋሜሽ ስለ ተባለው የጥንት ንጉሥ የሚተርከው የጊልጋሜሽ ታሪክ ዐሥራ አንደኛ ጽላት የምንለው ነው። በእርሱም ውስጥ ኡትናፒሽቲም የተባለ ሰው ከአማልክት አንዱ አስጠንቅቆት መርከብ ይሠራል፤ ቤተሰቡንና እንስሳትን ያስገባል፤ መርከቡ በተራራ ላይ ያርፋል፤ ርግብ፣ ጨረባ የምትባል ትንሽ ወፍ፣ በመጨረሻም ቁራ ይልካል፤ ሲወጣም መሥዋዕት ያቀርባል። ከዚህ የሚቀድም የአትራሐሲስ ታሪክ የተባለ ሌላ የባቢሎን የጥፋት ውኃ ታሪክም አለ፤ ቅጂው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ17ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ ነው፤ ከሙሴ ዘመን ይቀድማል ማለት ነው። በ1901 የተገኘው የባቢሎን ንጉሥ የሐሙራቢ ሐውልትም 282 ያህል ሕጎችን ይዟል፤ ስለ ዐይን ዐይን የሚለው ፍርድ በዚያ አለ። ስለዚህ መመሳሰል የለም አትበል። አለ።

ይህን ሲሰሙ ሁለት ዓይነት ምእመናን ወደ እኔ ይመጣሉ። አንዱ እንደ አንተ ይደነግጣል። ሌላው ደግሞ ጽላቶቹ ሐሰተኛ ናቸው፣ ወይም ሰይጣን አስቀድሞ ያዘጋጃቸው ወጥመዶች ናቸው ብሎ ይቆጣል። በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ አንዳንድ የአሕዛብ ተረቶችን የአጋንንት ማስመሰያ ብሏቸዋል፤ አባታችን ነው፣ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ያው ዮስጢኖስ በማንም ዘንድ በመልካም የተነገረው ሁሉ የእኛ የክርስቲያኖች ነው ብሎም አስተምሯል፤ ይህን ትምህርቱን ግን የሚጠቅሱት ጥቂቶች ናቸው። የሚደነግጠውና የሚቆጣው ሰው የተለያዩ ቢመስሉም በአንድ ሐሳብ ላይ ቆመዋል፤ እግዚአብሔር ከተናገረ የተናገረው ነገር ከዚያ በፊት በማንም ጆሮ ያልገባ መሆን አለበት ብለው ያስባሉ።

ይህን ማን አስተማረን? መጽሐፍ አላስተማረንም። ኢያሱ ሕዝቡን ሰብስቦ የአብርሃም አባት ታራ በወንዝ ማዶ ሌሎችን አማልክት ያመልክ እንደ ነበረ ሳያፍር ይነግራቸዋል። ቅዱስ እስጢፋኖስ በሸንጎ ፊት ቆሞ «ሙሴም የግብፆችን ጥበብ ሁሉ ተማረ» ይላል፤ ይህን ያለው ሙሴን ሊያመሰግን ነው። መጽሐፈ ምሳሌ ከምዕራፍ 22 ቁጥር 17 ጀምሮ የጠቢባንን ቃል ስማ ሲል የሚሰጠው ምክር አሜኔሞፔ ከተባለው ግብፃዊ ምክር ጋር በብዙ ቦታ ይቀራረባል። ግዝረትን ተመልከት፤ ግብፃውያን ይገዘሩ እንደ ነበር ነቢዩ ኤርምያስ ራሱ ይመሰክራል። እግዚአብሔር ግን ለአብርሃም ያንኑ በሰው ዘንድ የታወቀውን ነገር ወስዶ የኪዳኑ ምልክት አደረገው። ቅዱስ ጳውሎስም በአቴና በአርዮስፋጎስ ቆሞ ሲሰብክ፣ ከእናንተ ከቅኔ ጸሐፊዎች አንዳንዶች እኛ ዘመዶቹ ነን ብለዋል እያለ የአረማዊ ግጥም ጠቀሰ። ያንን ስንኝ የጻፈው የግሪኩ ባለቅኔ አራጦስ ሲሆን የተናገረውም ስለ ግሪኮች ዋና አምላክ ስለ ዜውስ ነበር። ጳውሎስ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ይመስልሃል?

ደግሞም መመሳሰል ሁሉ መቅዳት አይደለም። በአንድ ቤት ያደጉ ሁለት ወንድማማቾች በቤታቸው የደረሰውን መከራ ሲተርኩ ንግግራቸው ቢገጥም አንዱ ከሌላው ሰረቀ አንልም። አብርሃም የወጣው ከከለዳውያን ዑር ነው፤ የጥፋት ውኃው ወሬ ከሚተረክበት ከዚያው ምድር። ዘሮቹ ያንን ታሪክ ባያውቁት ኖሮ ነበር የሚገርመው።

አሁን ዋናውን ነገር ተመልከት። በአትራሐሲስ ታሪክ አማልክት ሰውን የፈጠሩት የሥራቸውን ድካም እንዲሸከምላቸው ነው። ከዚያም ሰው በዝቶ ጫጫታው እንቅልፍ ስለ ነሣቸው ሊያጠፉት ይነሣሉ። በጊልጋሜሽ ታሪክ ደግሞ ውኃውን ያመጡት አማልክት ራሳቸው ፈርተው እንደ ውሾች ይኮማተራሉ፤ መሥዋዕቱ በቀረበ ጊዜም እንደ ዝንብ ይሰበሰቡበታል። በዘፍጥረት ግን የጥፋቱ ምክንያት «ምድርም ግፍን ተሞላች» የሚል ነው። ፈራጁ ሰው በሰው ላይ የሚሠራውን ግፍ የሚያይ ጻድቅ እንጂ እንቅልፍ ያጣ ጌታ አይደለም። ሰውም የአማልክት አገልጋይ ሆኖ ሳይሆን በእግዚአብሔር መልክ ተፈጠረ። ባቢሎናውያን ፀሐይንና ጨረቃን ያመልኩ ነበር፤ ዘፍጥረት ምዕራፍ አንድ ግን ስማቸውን እንኳ ሳይጠራ ታላቁ ብርሃንና ታናሹ ብርሃን ብሎ በአራተኛው ቀን ያመጣቸዋል። ይህን የጻፈ ሰው የጎረቤቶቹን ተረት በሚገባ ያውቃል፤ አውቆም ይቃወመዋል። በሐሙራቢ ሕግ የነጻውን ባለማዕረግ ዐይን ያጠፋ ሰው የራሱ ዐይን ይጠፋል፤ የሌላ ሰው ባሪያ ዐይን ካጠፋ ግን የባሪያውን ዋጋ ግማሽ ለጌታው ይከፍላል። ዘጸአት 21 ቁጥር 26ን ከዚህ አጠገብ አድርገህ አንብብ፤ ጌታው የባሪያውን ዐይን ቢያጠፋ ስለ ዐይኑ አርነት ያውጣው ይላል። የሕጉ ቋንቋ የዘመኑ ነው፤ ባሪያውን የሚያየው ዐይን ግን ሌላ ነው።

ጓደኛህ ታላላቆቹ ሃይማኖቶች ሁሉ ብሏል። የሌሎቹ መምህራን ስለ ራሳቸው ይመልሱ። ስለ እኛ ግን ልንገርህ፤ ጌታችን የሞተው ዘመኑ በማይታወቅ ጥንት አይደለም። በጸሎተ ሃይማኖት በየጊዜው በጰንጤናዊው ጲላጦስ ዘመን እንላለን፤ የአንድ ሮማዊ ገዥ ስም በእምነት መግለጫችን ውስጥ መቀመጡ ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ገዥ ስሙ የተቀረጸበት ድንጋይ በ1961 በቂሣርያ ተገኝቷል። ቅዱስ ጳውሎስም ጌታ ከአምስት መቶ ለሚበዙ ወንድሞች እንደ ታየ ሲጽፍ፣ ከእነርሱ የሚበዙቱ እስከ አሁን አሉ ይላል፤ ጠይቋቸው ማለቱ ነው። ስለ ኦሲሪስ እንዲህ የጻፈ ሰው የለም። ያው ሐዋርያ «ክርስቶስም ካልተነሣ እምነታችሁ ከንቱ ናት» ሲል እምነታችን የሚወድቅበትንና የሚቆምበትን ቦታ አሳይቶናል። ከእኛ በፊት የሚመስል ነገር የተናገረ ሰው ካለ እምነታችሁ ከንቱ ናት አላለም።

ስለ ቁርባኑ ግን እቆጣሃለሁ። ጥያቄ ስለ ተነሣብህ ብቻ ማንንም ሳታማክር በራስህ ላይ ፈርደህ መራቅህ ልክ አይደለም። ቅዱስ ቶማስ ጌታ በመጀመሪያ በተገለጠ ጊዜ ከወንድሞቹ ጋር አልነበረም፤ ስለዚህ ሳያየው ቀረ። ከስምንት ቀን በኋላ ግን ጥርጣሬውን እንደ ያዘ በመካከላቸው ነበረ፤ ጌታም መጥቶ እጅህን አምጣ አለው። በዚህ ሳምንት ወደ ንስሐ አባትህ ሂድና ለእኔ የጻፍኸውን ሁሉ ለእርሳቸው ንገር። ሐሳብህ ቢበተንም ጸሎትህን አታቋርጥ። ያን ዐሥራ አንደኛ ጽላትም ሌሎች ስለ እርሱ ከሚሉት ይልቅ ራሱን ፈልገህ አንብብ፤ በዚያው ምሽት ዘፍጥረትን ከምዕራፍ 6 እስከ 9 አንብብ።

ጓደኛህን አትሽሸው። ስለ ሆረስ የነገረህን በየትኛው የግብፅ ጽሑፍ እንዳገኘው በትሕትና ጠይቀው፤ ስለ ጽላቶቹ ግን እውነቱን ነውና አትከራከረው።