የድሬ ፀሐይ፣ የጀጎል ግድግዳና የቤተሰብ ፎቶ፦ ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ዙር የመጡት ጥያቄዎች ከድሬዳዋና ከሐረር ናቸው። ላይ ላዩን ሲታዩ ስለ ሞባይል የተጠየቁ ይመስላሉ። ሲነበቡ ግን ሁሉም ስለ ብርሃን ናቸው። ስለዚህ ሞባይል ማስቀየር የለም፣ አቦ። በእጃችሁ ባለው እንቀጥላለን።

*ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከዚራ ላይ ፎቶ አነሳታለሁ። ሁሌ ዓይኗን ጨፍና፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሮ ነው የምትወጣው። ባለቤቴ «ሞባይሉ ነው» ይላል። ሌላ እንግዛ? (እናት፣ ከሳቢያን)*

አትግዙ። ባልሽን ሰላም በይልኝና ጥፋቱ የሰዓቱ ነው በይው። ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ የድሬ ፀሐይ ወደ አናት ወጥታለች። ከላይ የሚወርድ ብርሃን ግንባርን፣ አፍንጫንና ጉንጭን ያበራል፤ ዓይን ያለበትን ጎድጓዳ ቦታ ግን ጨለማ ውስጥ ይተወዋል። ልጅቷም ዓይኗን የምትጨፍነው አኩርፋ አይደለም፣ አቃጥሏት ነው።

የኛ ፀሐይ አናት ትወዳለች። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9.6 ዲግሪ ያህል ላይ ስለምትገኝ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 7 እና ነሐሴ 22 አካባቢ፣ ቀን 6 ሰዓት ከሩብ ገደማ ፀሐይ ልክ ከአናታችን በላይ ትሆናለች፤ በዚያች ሰዓት ቀጥ ብሎ የቆመ የመብራት ምሰሶ እንኳ ጥላ አይኖረውም። ሐረርም ቢበዛ የአንድ ሁለት ቀን ልዩነት ነው። በሁለቱ ቀኖች መካከል ባሉት ወራት የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ከዚያ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ታኅሣሥ ላይ እኩለ ቀን እንኳ ከፍታዋ 57 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ያኔ የቀን ፎቶ ትንሽ ይሻላል። ይህን የምነግርሽ በረንዳሽን እንድታዪበት ነው። ወደ ሰሜን የሚያይ በረንዳ ሰኔ ላይ በቀትር ፀሐይ ይገባበታል፣ ታኅሣሥ ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። ያ በረንዳ በታኅሣሥ ነፃ ስቱዲዮ ነው።

ከዚራ ደግሞ ዛፍ ሞልቷል፣ እሱን ተጠቀሚ። ግን ዝም ብለሽ ዛፍ ሥር አታቁሚያት። የድሬዳዋ ዛፍ የምንለው ያ ቀይ አበባ የሚያወጣው ዛፍ ቅጠሉ ደቃቅ ነው፣ በየቀዳዳው ብርሃን ያንጠባጥባል። ክብ ክብ ብርሃን ፊቷ ላይ ያርፍና ልጅቷ ኩፍኝ የወጣባት ትመስላለች። (በነገራችን ላይ፣ እነዚያ ክቦች የቀዳዳው ቅርጽ አይደሉም፣ የፀሐይዋ ምስል ናቸው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ፀሐይዋ ቀለበት ስትሆን፣ ሌላው ቦታ በከፊል ስትሸፈን፣ ዛፍ ሥርና በተበሳ ቆርቆሮ ሥር ክቦቹ ሁሉ ማጭድ የመሰሉት ለዚህ ነው።)

የምትፈልጊው የጥላውን ጠርዝ ነው። የሕንፃ ጥላ ከሆነ ይበልጥ ጥሩ፣ ወጥ ነው። ልጅቷን ከጠርዙ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አስገቢያት። ጀርባዋን ወደ ጥላው፣ ፊቷን ፀሐይ ወዳረፈበት መንገድ አድርጊ። መንገዱና ማዶ ያለው ግድግዳ ብርሃኑን ከታችና ከፊት ይመልሱላታል፣ ዓይኗ ሥር ያለው ጥቁረት ይጠፋል። አንቺ ፀሐዩ ላይ ትቆሚያለሽ፤ ላቡን ቻይው፣ እናት ነሽ። ከዚያ ጠጋ ብለሽ ዓይኗን እይው። ብሌኗ ውስጥ ትንሽ ነጭ መስኮት የመሰለ ነገር ካለ ብርሃኑ ተገኝቷል፣ ንኪው። ከሌለ ፊቷን ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ አዙሪያት፤ ይመጣል።

*ሁላችንም ነጠላ ለብሰን ቁልቢ ሄደን ነበር። ፎቶው ላይ ነጠላው ግራጫ፣ ፊታችን ከሰል ሆኗል። የፊት ማስዋቢያ ፊልተር ብናበራ ይሻላል? (ወጣት፣ ከለገሃር)*

ፊልተሩን ተወው። እሱ ጥላን አያስተካክልም፣ ሰውን ነው የሚቀይረው። እናትህን የማላውቃት ሴት አድርጎ ቢያወጣት ምን ይጠቅምሃል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራ ነጭና ጥቁር አያውቅም። ያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ላይ ያለውን ሕዝብ አስበው፤ ከፊት እስከ ኋላ ነጭ ነው። ካሜራው «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል፣ ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊታችሁም አብሮ ይወርዳል። አዲሶቹ ሞባይሎች ፊት እየለዩ ያስተካክላሉ፤ ግን ነጩ ሲበዛ እነሱም ይሳሳታሉ።

ስክሪኑ ላይ የአንድ ሰው ፊት ተጫንና ጣትህን አቆይ። አብዛኛው ሞባይል እዚያው ይቆልፍልህና ትንሽ የፀሐይ ምልክት ያመጣል። ምልክቱን ወደ ላይ ጎትት። ነጠላው መንጣት ሲጀምር ጥለቱን ተመልከት፤ ጥለቱ እስከታየ ድረስ ጎትት፣ መጥፋት ሲጀምር ትንሽ መልስ። በቃ።

*ጀጎል ውስጥ ነው የምኖረው። አያቴን በራችን ላይ ሳነሳት አንዳንዴ ፊቷ አረንጓዴ ይሆናል። ቀለም ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ ደከምኩ። (ከሐረር)*

ማስተካከያው ውስጥ መፍትሔ የለም፤ ጎረቤት ጋ ነው ያለው። ከቤታችሁ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ አረንጓዴ ነው፣ አይደል?

የጀጎል መንገድ ጠባብ ነው። ፀሐይ አንዱን ግድግዳ ስትመታ ሌላው ጥላ ይሆናል። ጥላው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ብርሃን የሚያገኘው በአብዛኛው ማዶ ካለው ፀሐይ ከመታው ግድግዳ ነው። ያ ግድግዳ ለአያትህ እንደ ትልቅ አምፖል ነው፤ አረንጓዴ ከሆነ አረንጓዴ ያበራል። ከጀርባዋ ያለው ግድግዳ የፈለገውን ቀለም ይሁን፣ ሰማያዊም ሐምራዊም ቢሆን ያምራል። ፊቷን የሚቀባው ፊት ለፊቷ ያለው ነው። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ነው የሚያስበው፤ ቆንጆ ግድግዳ ይመርጥና ማዶውን አያይም።

ስለዚህ ማዶው ነጭ ወይም ክሬም የሆነበትን በር ፈልግ። ሮዝ ከሆነ የበለጠ ደስ ይላል፤ ለኛ ቆዳ ሮዝና ቢጫ ብርሃን ይስማማል። አያትህ ከበሯ ካልተነሳች (አትነሳም፣ አውቃታለሁ እንደዚህ ዓይነቷን) ሰዓት ቀይር። ፀሐይዋ ማዶውን ስትለቅ ከላይ የሚመጣው የሰማዩ ብርሃን ይበረታል፣ አረንጓዴውም ይቀንሳል። የአንተም ልብስ ይቆጠራል። ቀይ ማሊያ ለብሰህ ጠጋ ብለህ ካነሳህ፣ ቀዩ አገጯ ሥር ይገባል።

ቀለም ሆን ብለህ ከፈለግህ ደግሞ፣ ራምቦ ቤት የሚባለው ሙዚየም ባለ ቀለም መስታወት መስኮቶች አሉት። ታናሽ ወንድምህን መስኮቱ አጠገብ አቁመውና የሚሆነውን እይ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም ባይጠይቀኝም። ገበያ ላይ የምትሸጥን ሴት ብርሃኑ አማረብኝ ብሎ ሳይጠይቁ ማንሳት ነውር ነው። ሐረር ውስጥ ከየአገሩ የመጣ ሌንስ ሲደገንባቸው የኖሩ ሰዎች ናቸው፣ እኛ አንጨምርባቸው።

*ቡና ሲፈላ፣ ዕጣን ሲጨስ በዓይናችን እንዴት ያምራል። ፎቶ ላይ ጭሱ የለም! (እህትማማቾች፣ ከመጋላ)*

ይህን ጥያቄ ወደድኩት። ጭስ የራሱ ብርሃን የለውም፣ ያረፈበትን ነው የሚያሳየው። ከፊት ብርሃን መትቶት ከኋላው ነጭ ግድግዳ ካለ፣ ነጭ በነጭ ይሆንና ይጠፋል። እናንተም ምናልባት በሩን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ፣ ወይም አምፖሉን አብርታችሁ ነው የምታነሱት።

ገልብጡት። አምፖሉን አጥፉ። ረከቦቱን ከበሩ ወይም ከመስኮቱ ትንሽ ወደ ውስጥ፣ ጎን ለጎን አስቀምጡት። እናንተ ወደ ክፍሉ ጨለማ ጥግ እያያችሁ አንሱ፤ ብርሃኑ ከጭሱ ጀርባ በሰያፍ ይምጣ። ከጭሱ ኋላ የሚታየው ነገር ጠቆር ያለ ይሁን፤ ቁም ሣጥን፣ ቡናማ መጋረጃ፣ የተዘጋ በር፣ የተገኘው። በሩ ራሱ ፎቶው ውስጥ አይግባ። ከገባ ካሜራው እሱን አይቶ ሌላውን ያጨልማል።

አሁን ፍሙን ሳይሆን የጀበናውን አንገት ተጫኑ፣ ቆልፉ፣ የፀሐይ ምልክቱን ወደ ታች ጎትቱ። ክፍሉ ይጨልማል፣ አትደንግጡ። ዕጣኑ ፍሙ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ወፍራም ጭስ ነው የሚወጣው፣ ያ ብርድ ልብስ ይመስላል፣ እሱን አሳልፉት። ትንሽ ቆይቶ ይቀጥናል፣ ክር ይሆናል፣ ይጠመዘዛል። ያን ጊዜ ነው። ማራገቢያ ካለ አጥፉት፣ ልጆቹንም ከበሩ አርቁ፤ አንድ ሰው በሩጫ ካለፈ ክሩ ይበጠሳል። የምታፈላዋ እጅ ስኒው ላይ ሲዘረጋ የጣቶቿ ጠርዝ በብርሃን ይከበባል። ከጭሱ ይልቅ እኔ ያን እወዳለሁ።

ፈንዲሻውም በዚያ ብርሃን ጥሩ ይወጣል። ሣሩ ግን አይወጣም፣ ይጠቁራል።

*ፍላሽ መቼ ነው የምጠቀመው? መብራት ሲጠፋስ?*

ፍላሽ ሶኬት ለመፈለግ ጥሩ ነው። ለሰው ፊት አልመክርም።

መብራት ሲጠፋ ሻማ ይበቃል፣ ከተጠጋችሁ። ርቀቱን በግማሽ ስትቀንሱ ብርሃኑ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሁለተኛ ሻማ ከመለኮስ በፊት ያለውን ወደ ፊት አቅርቡ፤ ፀጉርና ነጠላ ግን ተጠንቀቁ። ሞባይሉን ብርጭቆ ላይ አስደግፉት፣ በእጅ ይንቀጠቀጣል።

*አንተ ልጅ፣ የሠርጋችን ፎቶ ደብዝዟል። ልጆቼ በሞባይል ሊያነሱት ሲሞክሩ መብራት ያንጸባርቃል። ስቱዲዮ ልውሰደው? (አባት፣ ከከዚራ)*

አባባ፣ በድሬ ወግ «አንተ» ልበልህና፣ መጀመሪያ እቤት እንሞክር። ፎቶውን ከመስታወቱ አውጣው፤ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ከሆነ ግን አትላጠው፣ ይቀደዳል። ጥላ ያለበት መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አጋድመው። ብርሃኑ ከአንድ ጎን ይምጣ። የሚያነሳው ልጅ ጥቁር ልብስ ይልበስ፣ ነጭ ሸሚዝ ፎቶው ላይ ያንጸባርቃል። ሞባይሉን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርጎ፣ ከፍ ብሎ፣ ትንሽ ዙም አድርጎ ያንሳ። ፍላሹ ይጥፋ።

ዋናውን ፎቶ ደግሞ ፀሐይ ከሚያርፍበት ግድግዳ አውርደው። ያደበዘዘው ብርሃን ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ባለ ቀለም ከሆነ። አንዳንዴ ደግሞ ሲታጠብ የቀረበት ኬሚካል ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ በ1883 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሐረር ላይ ራሱን ፎቶ አንስቶ ለቤተሰቡ ሲልክ፣ ፎቶዎቹ የነጡት ባጠበበት መጥፎ ውኃ መሆኑን ጽፎ ነበር። ያንተ ሠርግ ከሱ ይሻላል ብዬ እገምታለሁ።

*ማታ ቀፊራ አካባቢ ቪዲዮ ስቀርጽ ጥቁር መስመር ስክሪኑ ላይ ይንሸራተታል። ሌንሱ ተበላሽቶ ነው? (ባጃጅ ሹፌር፣ ከድሬ)*

ሌንሱ ደህና ነው። የኛ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ ርካሽ ኤልኢዲና የሸንበቆ አምፖል ደግሞ በሰከንድ 100 ጊዜ ፈካ ደብዘዝ ይላል። ዓይንህ አያየውም፣ ካሜራው ግን ያየዋል። ሞባይልህ «ፕሮ» የሚል ካለው የሹተር ፍጥነቱን (ካሜራው ለአንድ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ አድርገው፣ ቪዲዮውን በሰከንድ 25 ፍሬም ቅረጽ። ከሌለው ከዚያ ሱቅ መብራት ወደ ሌላ ሱቅ ፈቀቅ በል፤ ሁሉም አምፖል እንደዚያ አይደለም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ቀደም ማለት ነው። ድሬ ላይ ፀሐይ እንደ ወቅቱ ከ11፡45 እስከ 12፡40 ባለው ጊዜ ትጠልቃለች፣ እኛ ጋ ደግሞ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ቶሎ ይጨልማል። ሰማዩ ሰማያዊ፣ የሱቁም መብራት የበራ ሆኖ ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ለሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት ተሳፋሪ እንደሚበዛብህ አውቃለሁ። ቢያንስ ዓርብ አንድ ቀን ባጃጇን አቁማትና ልጆችህን ይዘህ ውጣ።