ተዝካር፣ ይሉኝታና የእናት ልብ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። አባቴ ካረፈ አንድ ወር ሊሞላው ነው። ቤተሰቡ ስለ አርባው ተማክሮ ሁለት በሬ ይታረድ፣ ጠላ ይጠመቅ፣ ድንኳን ይተከል፣ አገር ምድሩ ይጠራ ተብሏል። የበኩር ልጅ ስለሆንኩ አብዛኛው ወጪ የኔ ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ይህ ሁሉ ድግስ ለአባቴ ነፍስ ይጠቅማል ብዬ አላምንም። ግን አንገቴን እየነቀነቅሁ እሺ እያልኩ ነው። በልቤ የማላምንበትን በሰው ፊት ማድረጌ ግብዝነት አይሆንብኝም? እምቢ ብል ደግሞ እናቴ ትሰበራለች፤ ዘመዱም «አባቱን ረሳ» ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። የአባትህን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።

መጀመሪያ ጸሎቱንና ድንኳኑን እንለያይ። ቤተ ክርስቲያናችን በ40ኛው ቀን ለሞተ ሰው ጸሎተ ፍትሐት ታደርሳለች፣ ትቀድሳለች፣ በስሙም ምጽዋት እንዲሰጥ ታዛለች። ይህ ሥርዓት ነው። በሬው ሁለት ይሁን ሦስት የሚለው ግን የአገር ልማድ ነው። በመጽሐፈ ጦቢት 4፥17 «እንጀራህን በጻድቃን መቃብር ላይ አፍስስ» የሚለውን መምህራን ለተዝካር ይጠቅሱታል። ልብ በል፣ የተባለው እንጀራ ነው። ጌታም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግብዣ ስታደርግ ባለጠጋ ጎረቤትህን ሳይሆን ድኾችን ጥራ ይላል። ስለዚህ ሐሳብህ ግማሹ ልክ ነው። ነዳያን የሚበሉት ይጠቅማል። እኛ ዘመዶች ጠግበን የምናወራለት ድግስ ግን፣ እንዳልከው፣ ለሟቹ ምንም አይጨምርለትም።

መጠየቅህንም እንደ ኃጢአት አትቁጠረው። በትርጓሜ ቤት አንዱን ቃል «አንድም» እያልን ብዙ መንገድ እንፈታዋለን። ቅኔ ቤት ደግሞ የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ የተነሣ ተማሪ አፍሮ ነው የሚቀመጠው። ማሰብ የተከለከለበት ቤት ውስጥ አላደግንም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ። የሶርያውን ሹም ንዕማንን ታስታውሰዋለህ። ከለምጹ ከነጻ በኋላ ከእስራኤል አምላክ በቀር ለሌላ አልሠዋም አለ። ወዲያው ግን ለኤልሳዕ አንድ የከበደውን ነገር ነገረው። ንጉሡ በሬሞን ቤት ሊሰግድ ሲገባ እጁን የሚደገፈው በእሱ ነው። ንጉሡ ሲያጎነብስ እሱም ማጎንበሱ አይቀርም። ስለዚህ ነገር እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ አለ። ኤልሳዕ አልተቆጣም። «በሰላም ሂድ» አለው።

እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ሁሌ የምቆመው እጁ ላይ ነው። ንዕማን ያጎነበሰው ሰው እንዳያማው አይደለም፤ የተደገፈው ሰው እንዳይወድቅ ነው። ደግሞም ልቡን አልደበቀም፣ ቢያንስ ለአንድ ሰው ገልጦ ተናግሯል። ሠለስቱ ደቂቅ ግን በባቢሎን አላጎነበሱም። እዚያ የተጠየቁት ሰው መደገፍ ሳይሆን ለምስል መስገድ ነበርና። አንተን ለጣዖት ስገድ ያለህ የለም። እናትህ ግን በእጅህ ተደግፋለች።

እንግዲህ ራስህን መርምር። ድንኳኑን የምትተክለው ለእናትህ ብለህ ከሆነ ግብዝ አይደለህም። «ምን ይሉኛል» ብለህ ከሆነ ግን ያው ይሉኝታ ነው። ከውጭ ሁለቱ አይለዩም። ያው ድንኳን፣ ያው ወጥ ነው።

አንድ ነገር ግን አትርሳ። መመሳሰልም ሌላ ሰው የሚከፍለው ዕዳ ይኖረዋል። ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር አብሮ ይበላ ነበር። ከያዕቆብ ዘንድ ከአይሁድ ወገን የሆኑ ሰዎች ሲመጡ ግን ፈርቶ ከማዕዱ ሸሸ። እምነቱ አልተለወጠም፤ የፈራው የሰው ዐይን ነው። ግን ማዕዱ ላይ ትቷቸው የሄደው ሰዎች ምን ተሰማቸው? ጳውሎስ ፊት ለፊት የተቃወመው ለዚህ ነው (ገላትያ 2)። ያንተም ድግስ እንዲሁ ነው። አንተ ደመወዝ አለህ፣ ትወጣዋለህ። ከጎንህ ያለው ጎረቤት ግን ነገ እናቱ ስታርፍ «የነእገሌ ልጅ ሁለት በሬ ጥሏል» እየተባለ ተበድሮ ይደግሳል። እንዲህ ብድር ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ሲከፍል የኖረ ሰው አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ያው የሰው አፍ ነበር።

ስለዚህ በመሐሉ እንሂድ። ብድር አትግባ፤ እዚህ ላይ እናትህ ብታለቅስም አትለሳለስ። ከዘመድ ጉባኤ በፊት ለብቻዋ አስቀምጣትና ሆድህ ያለውን ንገራት። «ድግሱ ከንቱ ነው» ብለህ አትጀምር። «እማዬ፣ ለአባዬ እንዲህ ባደርግለት ደስ ይለኛል» በላት። ለቅዳሴውና ለምጽዋቱ መድበህ፣ ነዳያንን ቀድመህ አብልተህ፣ ከተረፈው አቅምህ የፈቀደውን ለእንግዳ አቅርብ። በሬ ካልሆነ በግ ይበቃል። ድንኳን ከሆነ የሚያጽናናት፣ ድንኳኑን ትከልላት። እድሩ ድንኳን ካለው ደግሞ ወጪውም ይቀልልሃል።

የነፍስ አባትህንም አማክር፤ ቤታችሁን ከኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። ዘመድ ሲያጉረመርም ብዙ ጊዜ እናት «ተዉት» ስትል ይበርዳል። አንዳንዱ አይበርድም፣ ምን ይደረግ።

ደግሞ ከግርግሩ በፊት የአባትህን የክርስትና ስም ጽፈህ ለካህናቱ ስጥ። የስንቱ ተዝካር ላይ ወጡ ተሟልቶ ይህ ስም ሲፈለግ አይቻለሁ መሰለህ።