የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የራስን የብረታ ብረት ሥራ ስለ መጀመር

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ሦስት ጥያቄዎች የመጡት በእጃቸው ሙያ ካላቸውና በሙያቸው የራሳቸውን ሥራ ማቆም ከሚፈልጉ፣ ወይም ካቆሙ በኋላ ከተቸገሩ አንባቢያን ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥረን አቅርበናል፤ የጠያቂዎቹንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ለብዙ ዓመታት ተቀጥሬ በብየዳ ሥራ ቆይቻለሁ። በርና መስኮት፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የውኃ ታንከር ማቆሚያ ጥሩ አድርጌ እሠራለሁ። አሁን የራሴን ሥራ ለመጀመር ጥቂት ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ፤ ነገር ግን ቤት ተከራይቼ የብየዳ ማሽን፣ የብረት መቁረጫና የላሜራ ማጠፊያ ገዝቼ ለመጨረስ አይበቃኝም። ልበደር ወይስ ልጠብቅ?

መልስ፦ ጥያቄዎን በሁለት አማራጭ ብቻ ቢያቀርቡትም ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም ባለዎት ገንዘብ ልክ፣ በጥቂት መሣሪያ መጀመር ነው። ገንዘቡን ሁሉ በማሽን ላይ ያዋለ ሥራ ቤት የመጀመሪያው ትእዛዝ ሲመጣ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ረጅም የብረት ቱቦ) እና ላሜራ መግዣ ያጣል፤ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ሲቆም የቤት ኪራዩ ግን መቁጠሩን አያቆምም። ስለዚህ ድልድሉን ከማሽን አይጀምሩ። በመጀመሪያ ሥራው ራሱን እስኪችል ድረስ ለኪራይ፣ ለኤሌክትሪክ፣ ለረዳት ደመወዝና ለቤተሰብዎ የሚበቃውን ለይተው ያስቀምጡ፤ ቀጥሎ ጥሬ ዕቃ እየተገዛበት የሚመላለስ ገንዘብ ይያዙ፤ መሣሪያ የሚገዙት ከእነዚህ በተረፈው ነው።

በየቀኑ ከእጅዎ የማይለዩትን መሣሪያዎች ጥሩ ጥሩውን ይግዙ፤ አልፎ አልፎ የሚያስፈልገውን በሌላ ሰው ማሽን ያሠሩ። የላሜራ ማጠፊያ ያለው ሥራ ቤት በክፍያ ቢያጥፍልዎ ክፍያውን በደንበኛው ዋጋ ውስጥ ያስገቡታል፤ ለማጠፊያ በየወሩ የሚከፍሉትም ተደምሮ የማሽኑን ዋጋ በአንድ ዓመት የሚመልስ ሲሆን ያን ጊዜ ለመግዛት በቂ ምክንያት አገኙ ማለት ነው። ከብየዳ ማሽን ሌላ ትራፓኖ (መብሻ)፣ ሞርሳ (ብረት አጥብቆ መያዣ)፣ ስኳድራ (ማዕዘን መለኪያ) እና አንዱ ለመቁረጥ ሌላው ለመሞረድ የሚሆኑ ሁለት ግራይንደሮች ለብዙ ሥራ ይበቃሉ። ሁለቱን ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአንዱ ብቻ የሚሠራ ሰው ዲስክ መቀያየሩ ይሰለቸውና በመቁረጫው ስስ ዲስክ ጎን መሞረድ ይጀምራል፤ ዲስኩም በዚህ ይሰበራል። ከዚህ የባሰው ደግሞ መከላከያውን አውልቆ በትንሹ ግራይንደር ላይ ትልቁን ዲስክ መግጠም ነው። 230 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ዲስክ በአብዛኛው በደቂቃ ከ6,600 ዙር በላይ እንዳይዞር ሆኖ ሲሠራ፣ ትንሹ ግራይንደር ግን በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ይዞራል። በራስዎ ቤት ይህን ለረዳትዎ በመጀመሪያው ቀን ይከልክሉ።

ሰዎች አዘውትረው የሚዘነጉት ዕቃ ጠረጴዛ ነው። ወለል ላይ የተበየደ ፍሬም ይጠማዘዛል፤ የተጠማዘዘን በር ለማቃናትና እንደገና ለመግጠም የሚጠፋው ጊዜ ደግሞ ከማንም አይከፈልም። ወፍራም ላሜራ የለበሰ፣ በውኃ ልክ የተስተካከለ ጠረጴዛ በራስዎ እጅ ይሥሩ፤ ፍሬሙንም በነጥብ ብየዳ ብቻ ካያያዙ በኋላ ሁለቱን ሰያፎች፣ ማለትም ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ያለውን ርዝመት፣ ይለኩ። 1 ሜትር በ2.1 ሜትር የሆነ ፍሬም ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ከሆነ ሁለቱም ሰያፎች 2 ሜትር ከ326 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ፤ አንዱ ከሌላው በጥቂት ሚሊ ሜትር እንኳ ከበለጠ ነጥቦቹን ሰብሮ ማስተካከል የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ሙሉ ከተበየደ በኋላ ግን የግማሽ ቀን ሥራ ይሆናል።

የብየዳ ማሽን ሲገዙ በትልቁ የተጻፈውን አምፔር ብቻ አይዩ። በማሽኑ ሰሌዳ ላይ በመቶኛ የተገለጸ የሥራ ጊዜ አለ፤ 200 አምፔር በ60 በመቶ ከተባለ ማሽኑ በዚያ ኃይል ከ10 ደቂቃ ውስጥ 6 ደቂቃ ይበይዳል፣ 4 ደቂቃ ይቀዘቅዛል ማለት ነው፤ ያለ ዕረፍት ሊሠራ የሚችለውም ወደ 155 አምፔር ገደማ ላይ ነው። 3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) በአብዛኛው ከ90 እስከ 140 አምፔር ባለው ውስጥ ስለሚሠራ ይህ ለበርና ለመስኮት ከበቂ በላይ ነው። የቤት ኪራይ ውል ከመፈረምዎ በፊትም በቤቱ የገባው ኤሌክትሪክ ማሽንዎን የሚሸከም መሆኑን፣ ወደፊት ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ማስገባት ቢያስፈልግ ይፈቀድ እንደሆነ፣ የግራይንደሩን ድምፅ ጎረቤት ይታገሥ እንደሆነ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የራሴን ሥራ ቤት ከከፈትሁ ቆይቷል። ሥራ አይጠፋም፤ እንዲያውም እስከ ሌሊት የምሠራባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። በወር መጨረሻ ግን እጄ ላይ የሚቀር የለም። ዋጋ የማወጣው የዕቃውን ዋጋ በእጥፍ በማባዛት ነው፤ የተማርሁትም እንዲሁ ነው። ጥፋቱ ከምን ላይ ነው?

መልስ፦ ጥፋቱ ከእጥፉ ላይ ነው። የእጅ ሥራና የብረት ዋጋ አብረው አይጨምሩም፤ ወፍራም ላሜራ የለበሰ ጌጥ የሌለው በር ብረቱ ብዙ ሆኖ ብየዳው ጥቂት ሲሆን፣ ጌጥ የበዛበት ትንሽ መስኮት ብረቱ ጥቂት ሆኖ መቁረጡና መሞረዱ ቀን ይፈጃል። ሁለቱን በአንድ ደንብ ሲተምኑ በመጀመሪያው ላይ ውድ ይሆኑና ደንበኛው ይሄዳል፤ በሁለተኛው ላይ ርካሽ ይሆኑና ደንበኛው ይመጣል። እስከ ሌሊት የሚያሠራዎት ሥራ በአብዛኛው ይህ ሁለተኛው ይመስለኛል።

ዋጋ ማውጣት ያለበት ከሰዓት ተነሥቶ ነው። የወሩን ቋሚ ወጪ ሁሉ ይደምሩ፤ ኪራይ፣ ኤሌክትሪክ፣ የረዳት ደመወዝ፣ ግብር፣ የማሽን ጥገናና እርጅና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የራስዎ ደመወዝ ይግባበት፤ ለሌላ ሰው ቢቀጠሩ ያገኙት የነበረውን ያህል ለራስዎ ካልቆጠሩ የሥራ ቤቱን ኪሳራ በጉልበትዎ እየሸፈኑ ነው ማለት ነው። ከዚያ ደንበኛ በእርግጥ የሚከፍልባቸውን ሰዓቶች ይፈልጉ። በወር 25 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ቢሠሩ 200 ሰዓት ይሆናል፤ ዕቃ ግዢ፣ ልኬት መውሰድ፣ ዋጋ ማቅረብ፣ መሣሪያ መጠገንና ቤት ማጽዳት 80ውን ቢወስድ የሚሸጡት 120 ሰዓት ብቻ ነው። ወጪውን ለ200 ያካፈለ ሰው በየሰዓቱ ከሚያስፈልገው 60 በመቶውን ብቻ ይጠይቃል፤ የቀረው 40 በመቶ ከየት እንደሚመጣ ሳያውቅ ወሩ ያልቃል። ቢያንስ ለሁለት ወር ያህል እያንዳንዱ ሥራ የፈጀውን ሰዓት በደብተር ይመዝግቡ፤ ብየዳው ራሱ ከመለካት፣ ከመቁረጥ፣ ከመግጠም፣ ከመሞረድ፣ ከመቀባትና ከማጓጓዝ ጋር ሲተያይ ምን ያህል ትንሽ ጊዜ እንደሚወስድ ሲያዩ ይገረማሉ።

ብረቱም ቢሆን በአግባቡ ይቆጠር። አንድ ደንበኛ እያንዳንዳቸው 2.1 ሜትር የሆኑ 6 ቋሚዎች አዘዘ እንበል። በድምር 12.6 ሜትር ስለሆነ ከሁለት ባለ 6 ሜትር ቱቦላሬ ጥቂት የሚበልጥ ይመስላል፤ ሲቆረጥ ግን ከአንዱ ቱቦላሬ የሚወጣው ሁለት ቋሚ ብቻ ነው፤ ሦስት ቱቦላሬ ይገዛል፣ ከእያንዳንዱም 1.8 ሜትር ያህል ይተርፋል። በዚያው ሥራ ውስጥ 85 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አግዳሚዎች ካሉ ከየትራፊው ሁለት ሁለት ይወጣሉ፤ ከሌሉ ትራፊው ከግድግዳ ተደግፎ የሚቀር የእርስዎ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመናገርዎ በፊት የመቁረጫ ዝርዝር በወረቀት ያውጡ፤ መቁረጫው ዲስክ በእያንዳንዱ ቁርጥ የሚበላውን 3 ሚሊ ሜትር ያህልም አይርሱ። ላሜራን በክብደት ለመገመት የተራ ብረት አንድ ካሬ ሜትር በአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት 7.85 ኪሎ ግራም እንደሚመዝን ይያዙ፤ 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ 23.5 ኪሎ ግራም ያህል ነው ማለት ነው።

ይህን ካነሣን አይቀር፣ 1.5 ብሎ ተዋውሎ 1.2 መግጠም በሙያው ውስጥ የሚታይ ነውርና አጥብቄ የምቃወመው ነገር ነው። ከብረቱ ክብደት አንድ አምስተኛውን ከደንበኛው መውሰድ ነው። እርስዎ በተቃራኒው ውፍረቱን በውሉ ላይ ይጻፉ፤ ሲያስረክቡም በካሊፐር ለክተው ያሳዩት። ዋጋዎ ከጎረቤትዎ ለምን እንደሚበልጥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያገኙም።

ስለ ቅናሽ ደግሞ ሒሳቡን ይመልከቱ። ጠቅላላ ወጪው 100 የሆነውን ሥራ በ120 ተመኑት፤ ደንበኛው «10 በመቶ ቀንስልኝ» አለዎት፤ 108 ሆነ። የቀነሱት 12 ነው፤ ትርፉ ግን ከ20 ወደ 8 ወረደ፤ ከግማሽ በላይ ሄደ። ደንበኛው በቂ ገንዘብ ከሌለው ከሥራው ይቀንሱ፤ ጌጡ ይቅለል፣ ቀለሙን ራሱ ያስቀባ፣ ማጓጓዣውን ራሱ ይቻል። ቀብድ ሲቀበሉም ቢያንስ የጥሬ ዕቃውን ዋጋ የሚሸፍን ይሁን፤ አለዚያ የደንበኛውን በር በራስዎ ገንዘብ እየገዙለት ነው። ንድፉ፣ ልኬቱ፣ ቀለሙ፣ የማስረከቢያው ቀን፣ ግድግዳ መብሳቱ የማን እንደሆነ በአንድ ገጽ ተጽፎ ሁለታችሁም ትፈርሙበታላችሁ፤ ሥራው ከተጀመረ በኋላ የሚመጣ ለውጥም ዋጋው ከሥር ተጽፎ ይፈረምበታል። የሥራውን ገንዘብ ከኪስዎ ገንዘብ መለየት እንዳለብዎ ሳያውቁት አይቀሩም፤ ደመወዝዎን በወሩ መጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ እኔ መካኒክ ነኝ፤ ጓደኛዬ ደግሞ በያጅና ባትላሜራ (የመኪና አካል አቃኝ) ነው። በአንድ ቅጥር ውስጥ ጋራዥና የብረታ ብረት ሥራ በጋራ ለመክፈት አስበናል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ሙያችሁ ይደጋገፋል፤ የጭነት መኪና አካል፣ የጭስ ማውጫ፣ የሻሲ ጥገና ሁለታችሁንም የሚፈልግ ሥራ ነው። ስለ ሽርክናው በአጭሩ፦ ማን ምን እንዳዋጣ፣ ለእያንዳንዳችሁ የሚከፈለው ደመወዝ ከትርፍ ክፍያ ተለይቶ ስንት እንደሆነ፣ አንዳችሁ መውጣት ብትፈልጉ ድርሻው በምን ስሌት እንደሚገዛ ሥራው ሳይጀመር ጻፉት። ወዳጅነታችሁን የሚጠብቀው ይህ ወረቀት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ እሳቱ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በወለል ላይ እየተሳበ ሄዶ በመኪና መመርመሪያ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል፤ የብየዳና የግራይንደር ፍንጣሪ ደግሞ ሩቅ ይሄዳል። በሙያው የታወቀው የጥንቃቄ ልክ ከብየዳው ቦታ ዙሪያ 11 ሜትር ድረስ የሚቀጣጠል ነገር እንዳይኖር ነው፤ ሥራው ካበቃ በኋላም አንድ ሰው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ቦታውን ይጠብቃል። የነዳጅ ታንክ ባዶ ስለሆነ ብቻ አይበየድም፤ ከሙሉው ይልቅ ትነት የሞላበት ባዶው ታንክ የበለጠ ይፈነዳል። ክሎሪን ባለበት የፍሬን ማጽጃ የታጠበ ብረት ሲበየድ ፎስጂን የተባለ ገዳይ ጋዝ ሊፈጠር ይችላል፤ ስለዚህ በብየዳ በኩል ለሚያልፍ ዕቃ ያን ማጽጃ ጨርሶ አትጠቀሙ። ዚንክ የተለበጠ ብረት ሲበየድም ጭሱ ማታ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል፤ ሽፋኑ መጀመሪያ ይሞረድ። የብየዳ ጭስ በአጠቃላይም ቢሆን የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2017 ካንሰር ያመጣሉ ብሎ ከፈረጃቸው ነገሮች አንዱ ስለሆነ፣ የጭስ መሳቢያና የአፍንጫ መሸፈኛ ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ ይግባ።

መኪናው ላይ ሲበየድ የባትሪው ገመድ ይነቀል፤ የማሽኑ የመሬት መቆንጠጫም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይያዝ፤ ርቆ ከተያዘ ኮረንቲው በኩሽኔታ ወይም በመኪናው ኮምፒውተር በኩል መንገድ ይፈልግና የደንበኛ ንብረት ይበላሻል። በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ከካቫሌቶ (የመኪና ማቆሚያ የብረት ድጋፍ) ላይ ያላረፈ መኪና ሥር ማንም አይግባ። የኦክስጅን መክፈቻ ዘይት ወይም ግራሶ በነካው እጅ አይነካ፤ በጋራዥ ውስጥ ይህ ሁልጊዜ የሚያሰጋ ነው። የአሲትሊን ሲሊንደርም ቆሞ፣ በሰንሰለት ታስሮ ይቀመጥ፤ ግፊቱም ከ1 ባር አይለፍ።

ቅጥሩ ከላይ ያልሁትን የ11 ሜትር ርቀት የሚሰጥ ከሆነ፣ ወይም በሁለቱ ሥራዎች መካከል እሳት የማያሳልፍ ግንብ ማቆም የምትችሉ ከሆነ አብራችሁ ክፈቱ። ጠባብ ከሆነ ግን ለጊዜው በሁለት ቅጥር ተቀምጣችሁ ሥራ እየተላላካችሁ ብትሠሩ እመርጣለሁ፤ ሽርክናው በወረቀት ላይ አንድ ሆኖ ቦታው ሁለት ቢሆን ምንም አይጎድልባችሁም።