የጓዳዬ አይጥ ልጄን ታሳምምብኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው አዳማ ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጤፍ የምናስቀምጥበትን ጓዳ ሳጸዳ ከማዳበሪያዎቹ ሥር ብዙ የአይጥ ኩስ አገኘሁ። ጠርጌ አወጣሁት፤ አቧራው ጉድ ነበር። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የወገብ ቁርጥማት ያዘኝ። ኮሎራዶ ያለው ወንድሜ በስልክ ስነግረው ደነገጠ። እነሱ ዘንድ ከአይጥ ኩስ የሚመጣ ሃንታ የሚባል በሽታ እንዳለና የተዋናዩ የጂን ሃክማን ባለቤትም በሱ እንደሞተች ነገረኝ። ክሊኒክ ስሄድ ታይፈስ አለብሽ አሉኝ። ከባለቤቴ የተረፈ ሲፕሮ የሚባል አንቲባዮቲክ ቤት ስለነበር ሁለት ቀን ዋጥኩና ሲሻለኝ ተውኩት። አሁን ትኩሳቱ ይለቀኛል፣ ደግሞ ይመለሳል። የሁለት ዓመት ልጄ አጠገቤ ነው የምትተኛው። ሃንታ ይሆን? ለጓዳውስ ድመት ባመጣ ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከልጅዎ ልጀምር፤ እንቅልፍ የነሳዎት እሷ ናት። አጠገብዎ ስለተኛች ሃንታ አይዛትም። ወንድምዎ የነገረዎት የአሜሪካው ሃንታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርስዎንም የያዘዎት እሱ ነው ብዬ አላስብም።

ወንድምዎ አልዋሸም። እሱ ባለበት አገር ዲር ማውስ የሚሏት የዱር አይጥ አለች። ጀርባዋ ቡናማ፣ ሆዷና እግሯ ነጭ፣ ዓይኗና ጆሮዋ ትልልቅ ነው። ገጠር ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ቤት፣ ጋራዥና ጎተራ ትወዳለች። በሽንቷ፣ በኩሷና በምራቋ ሃንታን ትረጫለች፤ ሰው የደረቀውን ሲጠርግ አቧራውን ይስባል። በሽታው እዚያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ጉንፋን መስሎ ይጀምርና ሳንባን ውኃ ይሞላል፤ ከሚታመሙት ከ3 ሰው ከ1 በላይ ይሞታል። ግን ብርቅ ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል በ30 ዓመት ውስጥ የተመዘገበው 900 ሰው አይሞላም።

ያቺ አይጥ የሰሜን አሜሪካ ናት። አዳማ የለችም። ጤፍዎን የምትበላው የቤት አይጥ ያንን ቫይረስ አትሸከምም። ደግሞ ሃንታ ምልክቱን ለማሳየት ከ1 እስከ 8 ሳምንት ይወስድበታል፤ እርስዎ የታመሙት በሦስተኛው ቀን ነው። የሃንታ ዘመዶች በእኛ አገር የዱር አይጦች ላይም ተገኝተዋል። በነሱ እንቅልፍ አይጡ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ።

ክሊኒኩ የሰጠዎት ወረቀት ላይ ምን እንደተጻፈ ሳላየው መገመት እችላለሁ። «ኦኤክስ 19፣ 1፡80፣ ሪአክቲቭ» ይላል። ከሥሩ የታይፎይዱ ቁጥር አለ። በእኛ ከተማ ትኩሳት ይዞት ላብራቶሪ የገባ ሰው «ታይፎይድና ታይፈስ» ሳይባል ከወጣ ዕድለኛ ነው። ሰዉም ከመልመዱ የተነሳ «ታይፎይዴ ተነሳብኝ» ይላል፣ እንደ ጨጓራ።

ኦኤክስ 19 የሚባለው ምርመራ የታይፈስን ጀርም አይፈልግም። ፕሮቲየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ከደምዎ ጋር ይቀላቀላል፤ ከጓጎለ ሪአክቲቭ ይባላል። የሁለቱ ባክቴሪያዎች ገጽታ በከፊል ስለሚመሳሰል ነው እንጂ ዝምድና የላቸውም። ፕሮቲየስ ደግሞ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከሚያመጡት አንዱ ነው። አምና ሽንትዎን አቃጥሎዎት ከነበረ ዘንድሮ ወረቀትዎ ታይፈስ ሊል ይችላል። የታይፎይዱም ምርመራ ቢሆን ከዚህ ብዙም አይሻልም። ድሮ የታመሙት፣ የተከተቡት፣ ሌላ ትኩሳት ያለብዎትም ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። በአንድ ቀን ደም አይፈረድም። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ እንደገና ተወስዶ ቁጥሩ ቢያንስ 4 እጥፍ ካደገ ነው ቁም ነገር የሚሆነው። ሁለተኛውን ደም ሊሰጥ ተመልሶ የመጣ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። በዚያ ላይ በታመሙ በጥቂት ቀን ውስጥ ሰውነት ገና መልስ አልሰጠም። ታዲያ ወረቀቱ ምኑን አየው?

ታይፈስ የለም እያልኩ አይደለም። አንዱ ዓይነት ከቅማል፣ ሌላው ከአይጥ ቁንጫ ይመጣል፤ አይጥ የሞላበት ጓዳ ካለ ሐኪሙ ሊያስበው ይገባል። እውነተኛ ታይፈስ ቢሆንማ የሚታዘዝልዎ ዶክሲሳይክሊን ነበር። ሲፕሮ ለሱ አይሆንም። ለወባም አይሆንም። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ባለቤትዎ ለራሱ በሽታ የታዘዘለትን ትራፊ እርስዎ ሁለት ቀን ውጠው ማቆምዎ ምንም አላከመም። የቀረውን ፍሬ ለሌላ ቀን ብለው አያስቀምጡት።

ወባ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ብርድ ብርድ የሚል፣ የሚለቅና የሚመለስ ትኩሳት፣ ክረምት ካለፈ በኋላ፣ አዳማ ላይ። ከዚህ በላይ ምን ይምጣ? «ተሻለኝ» ያሉትም ሲፕሮው ሠርቶ ላይሆን ይችላል፤ ወባ በባሕርዩ ፋታ ይሰጣል። በላኩልኝ ደብዳቤ ውስጥ ግን ወባ ተመረመርኩ የሚል ቃል የለም! ታይፈስ ታይቶ ወባ ሳይታይ ይቀራል?

ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይሂዱና «የደም ፊልም ይሠራልኝ» ይበሉ። ወባን ያሳያል፣ ግርሻ የሚባለውን ተመላላሽ ትኩሳትም ያሳያል። ወባ የለም ከተባሉና ትኩሳቱ ከተመለሰ በማግስቱ ይድገሙት፤ አንዴ ባለመገኘቱ ነፃ ነዎት ማለት አይደለም። ሲፕሮ መውሰድዎን አይደብቁ። የአይጡንም ነገር ይንገሯቸው። በአይጥ ሽንት የሚመጣ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ አለ፤ በቆሰለ እግር ወይም እጅ በኩል ከተበከለ ውኃና ጭቃ ይገባል። ሩቅ አይደለም፣ እዚሁ ወንጂ በትኩሳት ታመው በመጡ ሰዎች ላይ ተገኝቷል። ባትዎን አጥብቆ የሚያምዎ ከሆነና ዓይንዎ ከቀላ ይህንን ለሐኪሙ ይንገሩት። በጊዜ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ ይድናል።

ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ ኮካ ከመሰለ ወይም መቀባዠር ከጀመሩ ግን ነገ የሚባል ነገር የለም። በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂዱ። ልጅዎ ትኩሳት ከያዛት ደግሞ ያኔውኑ ትመርመር። የምታተኩሰው ከእርስዎ ተጋብቶባት ላይሆን ይችላል፤ አንድ ቤት ያለች ትንኝ ሁለታችሁንም ነድፋ ይሆናል። አጎበር ካለዎት ዛሬ ይዘርጉት።

ጓዳውን ሁለተኛ በደረቁ አይጥረጉ። ሃንታ ባይኖርም የአይጥ ኩስ አቧራ የሚሳብ ነገር አይደለም። በርና መስኮት ለግማሽ ሰዓት ይክፈቱ፣ ጓንት ያድርጉ፣ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ በጥብጠው ኩሱን ያርሱት። 5 ደቂቃ ጠብቀው በሶፍት ይልቀሙትና በፌስታል ቋጥረው ይጣሉት። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር እንዳይደባልቁ። ጤፉ ክዳን ባለው በርሜል ይግባ። እስክሪብቶ የሚያሾልክ ቀዳዳ ለአይጥ በር ነውና በሲሚንቶ ይድፈኑት።

አንድ ነገር ልለምንዎ። የነቀዝ ኪኒን ለአይጥ ብለው ጓዳ ውስጥ እንዳያስቀምጡ። እርጥበት ሲያገኘው ጋዝ ይተፋል፤ ግድግዳ ለግድግዳ የተኛ ሕፃን ይገድላል፣ ማርከሻም የለውም። ሃንታን ከፈሩት ይህን አሥር እጥፍ ይፍሩት።

ድመቷን ያምጡ፣ ትረዳለች። ኩሱን ግን አትጠርግልዎም። የያዘችውን አይጥ ይዛ ልጅዎ አጠገብ ከመጣች በጓንት አንስተው ይጣሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷንም ያስከትቧት።