ደሴ የተቃኘው ኮምቦልቻ ሲወርድ ለምን ይስታል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። በ1 ቮልት አንድ ኦክታቭ የሚወጣ ሲንተሳይዘር (በኤሌክትሪክ ድምጽ የሚያወጣ የሙዚቃ መሣሪያ) በእጄ ሠርቻለሁ። ማታ ደሴ፣ ወንድሜ ቤት ስቃኘው አምባሰልን ቁልጭ አድርጎ ይጫወታል። በማግስቱ ቀትር ላይ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ስከፍተው ቀጫጭኖቹ ድምጾች ዝቅ ይላሉ። በዚያ ላይ ንፋስ በነካው ቁጥር ይዋዥቃል። ጓደኞቼ «ውጭ ያለ ሰው ለምነህ ደህና ቺፕ አስመጣ» ይሉኛል። ምን ልቀይር?

መልስ፦ ወንድማለም፣ ማንንም ሳትለምን በፊት አንድ ነገር ሞክር። አንዲት ድምጽ ያዝና፣ ቮልቱን ወደ ከረንት ከሚቀይሩት ሁለት ትራንዚስተሮች አንዱን በጣቶችህ ቆንጠጥ አድርገው። ድምጹ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ይሄዳል። ሌላውን ስትይዘው ደግሞ በተቃራኒው። ከጣትህ የሄደው ሙቀት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ትራንዚስተር በ1 ዲግሪ 2 ሚሊቮልት ገደማ ይንሸራተታል። እዚያ ቦታ ላይ አንድ ሙሉ ኦክታቭ 18 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ሁለቱ በ1 ዲግሪ ከተለያዩ ከግማሽ ድምጽ በላይ ሳትክ ማለት ነው። እኔ የመጀመሪያዬን ስሠራ አንዱን ትራንዚስተር ቮልቱን ከሚያረጋጋውና ከሚግለው ሬጉሌተር ጎን በይጄው፣ ስቃኝ አድሬ ጠዋትም አልተቃኘም ነበር።

እና ቢሲ 547 የሚባለውን ትራንዚስተር አሥር ከአንድ ቦታ ግዛ። ቮልታቸውን በቴስተር ለካና በ1 ሚሊቮልት ውስጥ የሚቀራረቡትን ሁለት ምረጥ። ከነካሃቸው በኋላ እስኪቀዘቅዙ ጠብቅ፣ አለዚያ የምትለካው የጣትህን ሙቀት ነው። ጠፍጣፋ ፊታቸውን አገናኝተህ፣ መሃላቸው የሙቀት ቅባት አድርገህ በናስትሮ ጠቅልላቸው። የንፋሱ ነገር በዚህ ያልቃል።

ሐረጎን ወርደህ ሙቀት ውስጥ ስትገባ የሚመጣው ግን አያልቅም። የተጣመሩ ትራንዚስተሮችም ቢሆኑ በ1 ዲግሪ ሙቀት ኦክታቩ 0.33 በመቶ ያህል ይጠብባል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ቢጨምር ሦስት ኦክታቭ ላይ ከግማሽ ድምጽ በላይ ወረድክ። አምባሰል ደግሞ መጀመሪያው ላይ ግማሽ ድምጽ ስላለው ወዲያው ይሰማብሃል። መድኃኒቱ በሙቀት በዚያው መጠን የሚያድግ ሬዚስተር ነው፤ ወረቀቱ ላይ 3300 ፒፒኤም ይላል፣ በ1 ዲግሪ ከሚሊዮን 3300 ማለት ነው፣ ያው 0.33 በመቶ። ቮልቱን ከሚከፍሉት ሁለት ሬዚስተሮች ወደ ግራውንድ የሚወርደውን በእሱ ተካና ከጥንዶቹ ጋር አብረህ ጠቅልለው። ሰው የምትለምን ከሆነ ቺፕ ሳይሆን ይችን ለምን። ሲኢኤም 3340 የሚባለው ቺፕ ማስተካከያው ውስጡ አለ፣ አልክድም። ግን የሠራኸውን አፍርሰህ ልትጀምር ነው?

የሚሞላውና የሚፈሰው ካፓሲተርህ ተራ ቡናማ ሴራሚክ ከሆነ አውጣው። በቦታው ሲ ዜሮ ጂ የሚባለውን ሴራሚክ ብታስገባ ይሆንሃል። እኔ ከተጣሉ ሬዲዮኖች ውስጥ ብርጭቆ የመሰሉትን የፖሊስታይሪን ካፓሲተሮች እነቅላለሁ። በሙቀት ይቀልጣሉና ስትበይድ እግራቸውን በፒንሳ ያዝ። ሦስት አቅልጬ ነው የተማርኩት።

ቅኝቱን የሚወስኑት ሬዚስተሮች ባለ 1 በመቶ ሜታል ፊልም ይሁኑ። ድምጽ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ክፍል ላይ፣ ኤልኤም 13700 የሚባለው ቺፕ ባለበት፣ ያገኘኸውን ባለ 5 በመቶ ስካ። ጆሮ አይለየውም።

የተረፉትን ስምንት ትራንዚስተሮች አትጣል፣ ለፊልተሩ ይሆኑሃል።