ሳይሳፈሩ በአውሮፕላን አደጋ ያለቁ ወታደሮች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከፍኖተ ሰላም ነው። አጎቴ በደርግ ጊዜ ወታደር ነበሩ፤ በአንቶኖቭ ተጭነው ግንባር ሄደዋል። ሰሞኑን ቡና ላይ «በዓለም ጦርነት ጊዜ አውሮፕላን ሊነሣ ሲል ወድቆ፣ ተራ የሚጠብቁ ወታደሮችን ፈጀ» አሉን። እኔ ደግሞ ያልተሳፈረ ሰው እንዴት በአውሮፕላን አደጋ ይሞታል ብዬ ድርቅ አልኩ። ማን ነው ልክ? ለመሆኑ ጠላት ሳይነካው ገና ሲነሣ ለምን ይወድቃል?

መልስ፦ አጎትህ ልክ ናቸው፤ የሚቀጥለው ቡና ባንተ ነው።

ነገሩ የሆነው ጳጉሜን 2 ቀን 1935 ዓ.ም. ነው። ጎጃም ከጣልያን ከተላቀቀች ሁለት ዓመት አልፏታል። በኒው ጊኒ ደሴት ግን አውስትራሊያና አሜሪካ ከጃፓን ጋር ገና እየተፋለሙ ነው። የአውስትራሊያ 2/33ኛ ሻለቃ ወታደሮች እዚያው ደሴት ላይ ባለችው በፖርት ሞርስቢ ከተማ፣ ጃክሰን በሚባለው የአውሮፕላን ሜዳ፣ ካሚዮን ላይ ተጭነው ተራ ይጠብቃሉ። በአየር ናድዛብ ወደሚባል ቦታ ተወስደው ላኤ የምትባለውን ከተማ ሊያስለቅቁ ነው። ሊነጋጋ ሲል አንድ የአሜሪካ ቢ-24 ቦምብ ጣይ ተንደርድሮ ተነሣ። በቂ ከፍታ አላገኘም። ዛፍ መታና ካሚዮኖቹ ላይ ወደቀ።

ከ10,000 ሊትር በላይ ነዳጅና እያንዳንዳቸው ወደ 227 ኪሎ የሚመዝኑ 4 ቦምቦች ይዞ ነበር፤ ከቦምቦቹ ሁለቱ ፈነዱ። ወታደሮቹም ለውጊያ የታጠቁ ስለነበሩ የገዛ ጥይታቸውና የእጅ ቦምባቸው እሳቱ ውስጥ ይፈነዳባቸው ጀመር። የአውሮፕላኑ 11 ሰዎች በሙሉ፣ 60 የሻለቃው ወታደሮችና 2 ሾፌሮች ሞቱ። ቁስለኛው ከ90 በላይ ነው። የተረፉት ጓዶቻቸው ወደ ውጊያው ሄዱ፤ ላኤም ከአደጋው 9 ቀን በኋላ ተያዘች።

እኔን የሚያበግነኝ ካሚዮኖቹ የቆሙበት ቦታ ነው። ነዳጅና ቦምብ የጫነ አውሮፕላን በሚነሣበት አቅጣጫ፣ ማኮብኮቢያው ጫፍ አጠገብ፣ ሰው ጭኖ ማቆም ምን ይባላል? ወሬውም በሳንሱር ታፈነ። ከዚያ በፊት ሰኔ 7 ቀን አውስትራሊያ ውስጥ ከማካይ ከተማ የተነሣ ቢ-17 የሚባል የአሜሪካ ጦር አውሮፕላን ወድቆ፣ ዕረፍታቸውን ጨርሰው ወደ ግንባር የሚመለሱ የአሜሪካ ወታደሮችን ፈጅቷል፤ ከ41 ሰው የተረፈው አንድ ብቻ ነው። የዚህኛውም አደጋ ወሬ ታፈነ። ጠላት ያልገደለው ወታደር ለጋዜጣ አይመችም መሰለኝ።

ለምን ሲነሣ? አይሱዙ እህል ጭኖ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ሲወጣ አይተህ የለ? አውሮፕላንም ሲነሣ ነዳጁ ገና ሙሉ ነው፣ ሞተሩ ያለ የሌለ ጉልበቱን አውጥቷል፣ ፍጥነቱ ግን ገና ነው። ልዩነቱ አይሱዙው ዳር ይዞ መቆም ይችላል። አውሮፕላን ከፍ ብሎ እያለ ሞተር ቢጠፋበት፣ አብራሪው ከፍታውን ወደ ፍጥነት ቀይሮ ሜዳ ይፈልጋል። ዛፍ ጫፍ ላይ እያለ ግን የሚቀይረው ነገር የለውም። ደግሞ አየሩ ስስ ከሆነ ይብሳል። 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ባሕር ዳር አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ወደ 16 በመቶ ይሳሳል፣ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም በላይ። ስለዚህ አውሮፕላኑ ረዘም አድርጎ ይንደረደራል። (ፖርት ሞርስቢ ባሕር ዳርቻ ላይ ስለሆነች እዚያ ከፍታው አይወቀስም።)

ጥያቄ፦ ወፍ አውሮፕላን ይጥላል የሚሉት እውነት ነው ወይስ ወሬ? እህታችሁ ከባሕር ዳር።

መልስ፦ እውነት ነው፤ ሩቅም መሄድ አያስፈልግም፣ እዚያው አንቺ ከተማ ሆኗል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ ቦይንግ 737 የመንገደኞች አውሮፕላን፣ ገና ከመሬት ሲላቀቅ ሁለቱም ሞተሮቹ ርግቦች ዋጡ። አብራሪው ሊመለስ ሞከረ፤ ሞተሮቹ አልጠበቁትም። ጎማ ሳይዘረጋ ሜዳ ላይ አሳረፈው፣ ከዚያም እሳት ተነሣ። ከ104 ሰው 35ቱ ሞቱ። የተበላሸው አንድ ሞተር ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀረው መመለስ ይቻል ነበር፤ መንገደኛ ማመላለሻ አውሮፕላን የሚሠራውም እንደዚያ ታስቦ ነው። መንጋ ሲገባ ግን ሁለቱንም ያገኛቸዋል። የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኞች ወፍ ሲያባርሩ ብታዪ ሥራ ፈትተው እንዳይመስልሽ።